በገፈርሳ ግድብ ላይ የታዩት ሁለት ሰዎች

ዮአብን ከገፈርሳ ውሃ ያወጡት ዋና የሚያውቁ የሰፈሩ ጎልማሶች ናቸው። ሳሩ ላይ ሲያጋድሙት ቡናማ ጃኬቱ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ አክሎ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሣም። ኢንስፔክተር ስምዖን ጎንበስ ብሎ የሟቹን ፊት አየና ኮፍያውን አወለቀ። ጡረታው እየተቃረበ እንኳ ሬሳ ፊት ኮፍያ ማውለቁን አልተወም። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ ይሳቁ!

ሟቹን የማያውቀው የለም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቡራዩ ቤት የተከራየ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ሹፌር ነው፤ ሰላም ሳይል ሰው የማያልፍ። ከኪሱ ውሃ የገባው ስልክ፣ የቤት ቁልፍ፣ ጽሑፏ የተላጠ ባለ ቢጫ ክዳን ትንሽ ብልቃጥ ተገኘ። ስምዖን ብልቃጧ የጉንፋን ጠብታ መሰለችው። በነሐሴ ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ?

ሚስቱ ብርቅዬ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ቁልቁል ሮጣ ደረሰች። ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ አልቻሏትም። የባሏን እጅ ይዛ እያሻሸች፣ እንደምታሞቀው ሁሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«ለምን በዚህ መጣ? ሰርቪሱ የሚቆመው በአስፋልቱ በኩል ነው እኮ። በዚህ ምን አመጣው?»



የግድቡ ጥበቃ ኦቦ ገርባ ራቅ ብለው ካፖርታቸውን ተከናንበው ቆመዋል። 

«አካም ቡልታን ኦቦ ገርባ? እንዴት አደሩ?» አላቸው ስምዖን።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልበልህ እንዴ? የምን ነጋ!» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ነበሩ ልጄ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጎህ ሲቀድ መነጽሬን አንሥቼ ግድቡን ስቃኝ በግንቡ ላይ ይሄዳሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ።»

«ምን ለብሰዋል?»

«ሁለቱም ቡናማ ጃኬት።»

«ከዚያስ?»

«የኋለኛው እጁን ወደ ፊተኛው ጀርባ ዘረጋ። ከዚያ በቃ! መነጽሩን ጥዬ እየጮህኩ ሮጥኩ። ስደርስ ውሃው ብቻ ነው ያለው።»

«የኋለኛው ወዴት ሸሸ?»

«ጭጋግ ነው እኮ። ጭጋግ ዋጠው።»

በአንገታቸው አዲስ የሩቅ መነጽር ተንጠልጥሏል። መሥሪያ ቤታቸው ከብት ወደ ውሃው እንዳይገባ፣ ሰው መኪና እንዳያጥብ እንዲጠብቁበት የሰጣቸው ነው። እኚህ ሰው በሐሰት ሲምሉ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። ስምዖንም አመናቸው።

*

ቡናማ ጃኬት ለባሹን ለማግኘት ብዙ መድከም አላስፈለገም። የልብስ ነጋዴው ኡዘይር ከመርካቶ ሁለት አንድ ዓይነት ጃኬት አምጥቶ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለጓደኛው ለዮአብ እንደሰጠ ቡራዩ ገበያ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ የማይለያዩ ነበሩ፤ ሰዉም «መንታዎቹ» እያለ ይቀልድባቸዋል። በዚያው ሳምንት ግን ሱቁ ውስጥ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። ኡዘይር «ካላቆምክ እኔ አስቆምሃለሁ!» ብሏል።

ስምዖን ሲጠይቀው ኡዘይር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ያን ዕለት ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱሉልታ። ለአንድ ደንበኛዬ ዕቃ ላደርስ።»

«የትኛው ደንበኛ?»

የአንድ ሱቅ ስም ነገረው። ስምዖን ሱሉልታ ድረስ ወጣ። ባለሱቁ ገና በጥያቄው ግራ ተጋባ፤ «ኡዘይርን ከሰኔ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም» አለ። ያን ቀን ከሰዓት ኡዘይር እስር ቤት ገባ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ስምዖንን «ይኼው፤ ምን ቀረህ? እስከ ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ» አለው። ነፍስ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ያስፈርዳል።

ታሳሪው ግን ጠበቃ አልጠየቀ፣ ዋስ አልጠየቀ። የለመነው አንድ ነገር ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ይዘውኝ ይሂዱና አፈር ላልብሰው። በካቴና ይሁን። ከዚያ ይመልሱኝ።»

«የት እንደነበርክ እውነቱን ንገረኝና እወስድሃለሁ።»

ኡዘይር አንገቱን ደፋ። «አማና አለብኝ» አለ። «አማና ማለት አደራ ነው። ባለቤቱ ካልፈታኝ አልናገርም።»

«ባለቤቱ ማነው?»

አልነገረውም። ዮአብ ያለ እሱ ተቀበረ። ስምዖን ከቀብሩ ሲመለስ ታሳሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ አገኘው። ነፍሰ ገዳይም ያለቅሳል፤ ይህን ስምዖን ብዙ ጊዜ አይቷል። የዚህኛው ልቅሶ ግን ከጆሮው አልወጣ አለው።

*

በማግስቱ ንጋት ላይ ስምዖን ወደ ኦቦ ገርባ የጥበቃ ቤት ሄደ። ጭጋጉ እንደዚያን ዕለቱ ይሳሳል፣ ይወፍራል።

«የኋለኛው ሰው ፊተኛው ላይ ሲደርስበት አዩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አልደረሰበትም። ርቀታቸው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ፊተኛው ሲቆም ይቆማል፣ ሲራመድ ይራመዳል።»

«ታዲያ ካልደረሰበት እንዴት ገፋው?»

 ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርህ? እጃቸውንም አብረው ነው የዘረጉት። ሲጠፉም አብረው ነው የጠፉት። እያደር ሳስበው ይጨንቀኛል።»

«እስቲ መነጽሩን።»

ስምዖን አዲሱን መነጽር ወደ ግድቡ አቀና። የቀን ሠራተኞች በግንቡ ላይ እያለፉ ነው። ጥላ መሳይ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል እንጂ የልብሳቸው ቀለምም ሆነ እጃቸው አይለይም።

«ኦቦ ገርባ፣ ጃኬቱ ቡናማ መሆኑን በዚህ ነው ያዩት?»

ሽማግሌው መነጽሩን ተቀበሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል፤ ጠባቸው ከገዛ ሆዳቸው ጋር ነበር። በመጨረሻ ከአልጋቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀለሙ የተላላጠ፣ ከባድ፣ ትከሻው ጎላ ያለ አሮጌ የሩቅ መነጽር ነው።

«አዲሱ ሲመጣ ይህን መልስ ተብዬ ነበር። ጠፋ አልኳቸው። ምን ላድርግ? የኔ ዓይን ይህ ነው፤ አዲሱ ጎህ ሲቀድ አያሳየኝም። ክረምቱ ሲገባ ውስጡን ላብ አለበሰብኝ። ያን ዕለት ዋዜማ በካቻቢቴ ፈትቼ ወለወልኩት፣ ፍም ዳር አደረቅኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። በማግስቱ መጀመሪያ ያየሁበት እነሱን ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት፤ ዳግም አልነካሁትም። ሰው ሲሞት ያሳየኝን ዕቃ እንዴት ልንካው?»

*

ሰበታ ላይ ሬሐና የዓይን መነጽር ቤት አላት። በዓይን ምርመራ የተመረቀች ናት፤ ለጣቢያው ሰዎች የንባብ መነጽር የምትለካውም እሷ ናት። ስምዖን ሁለቱን የሩቅ መነጽሮች ጠረጴዛዋ ላይ ሲያስቀምጥ እንደ ልጅ ደስ አላት።

«ጋሼ፣ ሥራ ቀየሩ እንዴ? ወፍ ማየት ጀመሩ?»

«አዎ፤ ታሳሪ ወፍ» አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ሬሐናም ሳቋን ዋጠች። አዲሱን አገላብጣ አየችው። «ከላይ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ፣ ሆዳቸው ግን ለየቅል ነው። የዚህ ቱቦው ቀጥ ያለ ነው። ፕሪዝም የሚባሉት ብርሃን አጣፊ ወፋፍራም ብርጭቆዎች በአንድ መስመር ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ቀሎና ቀጥኖ ይሠራል። ግን ፊቱ ያለው ሌንስ ትንሽ ናት። ብዙ ብርሃን ስለማትሰበስብ በደብዛዛ ብርሃን አታሳይም።»

«አሮጌውስ?»

«ትከሻው ለጌጥ አይምሰልዎት። በየጎኑ ሁለት ሁለት ፕሪዝም ተሻግረው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ዓለም ተገልብጣ ነበር የምትታየን። ሌንሱም ትልቅ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ከዚህኛው ይሻላል። ችግሩ አንድ ነው፤ ከፕሪዝሞቹ አንዱ ትንሽ ከመቀመጫው ከሸሸ ሁለቱ ጎኖች ይጣላሉ። እስቲ ይያዙትና ማዶ ያለውን የመብራት ምሰሶ ይዩልኝ።»

ስምዖን በር ላይ ቆሞ አየ። መነጽሩን አውርዶ ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ።

«ምሰሶው ሁለት ነው!»

«ሽቦውስ?»

«ሽቦው ያው ነው።»

«ሽቦው የተጋደመ ነዋ። የተንሸራተተው ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ የተጋደመ ነገር በራሱ ላይ ተደርቦ አንድ ይመስላል። የቆመ ነገር ነው የሚከፈለው። ትንሽ ቢሆን ዓይን ራሱ ያስታርቀው ነበር፤ ይህ ግን ከዓይን አቅም በላይ ነው።»

በካቻቢቴ ከፈተችው። በቀኙ ጎን ፕሪዝሙን የምትይዘው ቀጭን ብረት ላልታ፣ ብርጭቆው ከመቀመጫው ወጣ ብሎ ተቀምጧል።

ስምዖን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ግንቡ የተጋደመ ነው። ውሃው የተጋደመ ነው። ዛፎቹን ጭጋግ ሸፍኗቸዋል። ያን ዕለት ጠዋት እዚያ የቆመ ነገር ቢኖር ዮአብ ብቻ ነበር። ከፊት ዮአብ፣ ከኋላም ዮአብ። ከኋላ የተዘረጋው እጅም የራሱ የዮአብ እጅ ነው።

«ግን ብቻውን የሚሄድ ሰው እጁን ወደ ፊት ምን ያስዘረጋዋል?» አለ ለራሱ። «ራሱን ሊጥል ነው እንዳልል፣ የሚዘል ሰው እጁን እንዲያ አይዘረጋም።» ለብርቅዬ ሊመልስ በኪሱ የያዘውን የሟቹን ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሬሐና ብልቃጧን አነሣች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የሱ። የጉንፋን ናት።»

«የምን ጉንፋን! እንዲህ ያለ ቢጫ ክዳን የዓይን ግፊት ጠብታ ነው። ሰውየው ግላኮማ ነበረበት።» ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አቅንታ አየች። «ይህ በሽታ መሀሉን ትቶ ዳር ዳሩን ነው የሚበላው። ሲብስ ሰው በቱቦ የሚያይ ይመስል ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ደብዘዝ ሲል ደግሞ እየዳበሰ ነው የሚሄደው።»

«ሹፌር ነበር እኮ» አለ ስምዖን።

ሬሐና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሱሉልታ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተዋል፤ በነፃ ነው የሚያክሙት። ሰው ወፍ ሳይንጫጫ ነው የሚሰለፈው» አለችው።

*

ሱሉልታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ድንኳኑ ፊት ሰዉ ጋቢና ፎጣውን ተከናንቦ ተሰልፏል። ነርሷ በሥራ ተወጥራ፣ «በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ማንን ላስታውስ?» አለች። እውነቷን ነው።

«ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ጠየም ያለ ጎልማሳ ነው» አለ ስምዖን ዕለቱንም ጠቅሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ አሮጊት ከአግዳሚው ላይ፣ «ቀለሙን ተወውና የግራ ኪሱ ስፌት ለቋል?» አሉ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ድንቅቱ እባላለሁ። ምነው ድምፅህ የቄስ ድምፅ ይመስላል፤ ፖሊስ አይደለህም እንዴ? ያን ቀን ሁለቱም ዓይኔ አያይም ነበር፤ ሰልፍ ላይ የፊቴን ሰው ልብስ ይዤ ነው የቆምኩት። ጣቴን በተቀደደው ኪሱ ከትቼ፤ ብርዱ ሊገድለኝ ነው! ጨለማው ሳይገፍ ጀምሮ ፀሐይ እስክትሞቅ ከእጄ አልወጣም። "ልጄ፣ ዓይንህን ምን ሆንክ?" ብለው፣ "እኔ ደህና ነኝ፣ ለጓደኛዬ ወረፋ ይዤ ነው" አለኝ። ሰዉ ተንጫጫበት። "እየመጣ ነው፣ አሁን ይደርሳል" እያለ ይለምናቸዋል። የኋላ ኋላ እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ጓደኛው መጣለት?»

ስምዖን ኮፍያውን አወለቀ። «አልመጣም እማማ።»

«አዬ ጉድ!» አሉ እማማ ድንቅቱ። «ያ ያልመጣው እንዴት ያለ ወዳጅ ነበረው!»

ጣቢያ ሲመለስ የታሳሪውን ጃኬት ከዕቃ ክፍል አስወጣ። የግራ ኪሱ ስፌት እስከ ታች ለቋል።

*

ስምዖን ብልቃጧን ኡዘይር ፊት አኖረ። እሱም አይቷት ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ አልነገርኩዎትም፤ አይደል?» አለ።

«አልነገርከኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።»

«አልሐምዱሊላህ።» ይህን ሲል ትከሻው ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ያለ ጥያቄ ፈሰሰ። «ብርቅዬ አባቷን ዓይነ ስውር ሆነው ዕድሜዋን ሙሉ ያስታመመች ናት። "ሁለተኛ እንዳልጭንባት፤ አማና፣ እንዳትነግራት" አለኝ። እኔ ደግሞ የሰው ነፍስ ጭነህ በዚህ ዓይን አትነዳም አልኩት። ካላቆምክ አስቆምሃለሁ ያልኩትም መንዳቱን ነው። እሺ ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ሰርቪስ የሚጠብቁት ጎረቤቶች ሥራ አለመግባቱን አይተው እንዳይነግሯት በግድቡ በኩል ዞሮ ሊመጣ ተቀጣጠርን። መንገዱን እግሩ ለምዶታል፤ በዚያ ጭጋግ ግን...»

መጨረስ አልቻለም። ስምዖን ተነሥቶ እጁን ትከሻው ላይ ጫነበት። 

አዛዡ ማብራሪያውን ሁለቴ አስደግሞ፣ አሮጌውን መነጽር ራሱ በመስኮት አይቶ የመፍቻውን ደብዳቤ ፈረመ። ኦቦ ገርባ ሲነገራቸው ጣቢያው በር ላይ ቁጭ አሉ። «ሁለት ናቸው ብዬ ማልኩ፤ ሰው አሳሰርኩ» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ኡዘይር ሲወጣ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ቀድሞ ያዛቸው። «አባቴ፣ ያዩትን ነው የተናገሩት» አላቸው።

*

ሐዘን ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳኑ ገና አልተነቀለም። ኡዘይር ከስምዖን ኋላ ሲገባ ለቀስተኛው ዞሮ አየው፤ አንዲት ሴት «እንዴት ይደፍራል!» አለች። ብርቅዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። ያየችው ስምዖንን ብቻ ነው።

ስምዖን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሁሉን ነገራት፦ ዓይኑን፣ ጠብታውን፣ ሱሉልታን፣ ጭጋጉን፣ የተዘረጋውን እጅ። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። እሷም እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ታዲያ ማንም አልነበረም?» አለች።

«ማንም አልነበረም። ራሱን ሊጥልም አልነበረም፤ መንገድ ፍለጋ ሲዳብስ ነው።»

«ብቻውን።»

«ብቻውን።»

ብርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ሁለት ነበሩ ሲሉኝ» አለች፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ክፉም ቢሆን ሰው አጠገቡ ነበር ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሲወድቅ ያየው ሰው አለ ብዬ። ያን ያህል ጊዜ አብሬው ተኝቼ፣ አጠገቡ ያለውን ስኳር አጥቶ ሲፈልግ፣ በር ሲጋጭ፣ "ድካም ነው" ሲለኝ አመንኩት። እኔ ብሆን አልይዘውም ነበር? እጁን አልይዘውም ነበር?» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። ስምዖንም ዓይኑን ጠረገ፤ ማንም ቢያየው ግድ አልነበረውም።

ኡዘይር አሁንም በሩ አጠገብ እንደ ቆመ ነው። ብርቅዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«እስከ መቼ ጠበቅከው?»

«የሐኪሞቹ ድንኳን እስኪዘጋ።»

«ተራው ደርሶ ነበር?»

«ደርሶ ነበር» አለ ኡዘይር። «ነርሷ "ዮአብ!" ብላ ተጣራች። ወደ መንገዱ አየሁ፤ የለም። ደግማ ተጣራች። ተራው እንዳያልፍበት ብዬ እኔ አቤት አልኩ።»

ብርቅዬ ፈቀቅ አለችና ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።